«ከመደበኛ በታች» ሲባል ገበሬው ምን ይስማ?

በየካቲት መጀመሪያ አንድ ምሽት ደላንታ ያለችው አክስቴ ደወለችልኝ። ሰላምታው እንደ ወሎ ሰላምታ ረጅም ነው። ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ሁሉም በየተራው ተጠየቀ። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «ራዲዮኑ የበልጉ ዝናብ ከመደበኛ በታች የመሆን አዝማሚያ አለው አለ። አንተ ተምረሃል፤ ምን ማለቱ ነው? ገብሱን ልዝራው ወይስ ልተወው?»

ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ። የእሷ ጥያቄ ግን ስለ ዘሩ ነበር። ጎተራ ውስጥ ያለ ዘር አንዴ መሬት ከገባ ተመልሶ አይታፈስም። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ፣ ዲኤውን፣ ጠይቂው አልኳት። «ጠየቅኩት። እሱም ራዲዮኑ ያለውን ነው መልሶ ያለኝ» አለች።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ስልክ ነው። ስለ አደጋ መከላከልና ስለ መንግሥት ፕሮግራሞች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እህሉ፣ ገንዘቡና መኪናው ነው። ወሬው እንዴት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያምነው፣ የሰማው ሰው ምን እንደሚያደርግበት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወሎ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የቀበረ አገር ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ፣ በልግና ክረምት ሊገቡ ሲሉ የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። «መደበኛ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከረጅም ዓመታት የዝናብ መዝገብ ነው። እስቲ የአንድን ቦታ 30 የበልግ ወቅቶች አስቡ። ዝናባቸውን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩት። መጀመሪያ ላይ ያሉት 10 ደረቆቹ ናቸው፤ «ከመደበኛ በታች» የሚባለው እነሱን የመሰለ ዓመት ነው። መሃል ያሉት 10 «መደበኛ» ናቸው። መጨረሻ ያሉት 10 ደግሞ «ከመደበኛ በላይ»። ትንበያው እንግዲህ ዘንድሮ ከሦስቱ ወደየትኛው እንደሚያደላ የሚሰጥ ግምት ነው።

ለምሳሌ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ፣ መደበኛ የመሆኑ 30፣ ከመደበኛ በላይ የመሆኑ 20 ነው ተባለ እንበል። ለአክስቴ ይህ እንዲህ ሊነገራት ይችላል፦ «ዘንድሮን የመሰለ ዓመት አሥር ጊዜ ቢመጣ አምስቱ ይከፋል፣ ሦስቱ እንደወትሮው ይሆናል፣ ሁለቱ ጥሩ ይዘንባል።» ይህ ለገበሬ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ከዕድል ጋር ሲደራደር የኖረ ሰው ነው።

ችግሩ፣ መልእክቱ በየደረጃው ሲወርድ ግምትነቱ እየተራገፈ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ «አዝማሚያ አለው» ተብሎ የወጣው ቀበሌ ሲደርስ «ድርቅ ይሆናል» ይሆናል። ከዚያ ዝናቡ ከመጣ «ዋሹን» ይባላል። በቀጣዩ ዓመት ማንም ጆሮ አይሰጥም። ትንበያው ግን አልዋሸም፤ ከአሥር አምስቱ እንደወትሮው ወይም ከዚያ በላይ ሊዘንብ እንደሚችል ራሱ ተናግሯል። የዋሸው ያ አምስቱ ተቆርጦ የቀረበት አነጋገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ መደበኛ ሆኖ አዝመራው ሊጠፋ ይችላል። ዝናቡ በሁለት ሳምንት ዘንቦ አልቆ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ከሆነ ቡቃያው ይሞታል። ስለዚህ ገበሬው የሚፈልገው ስለ ብዛቱ ብቻ አይደለም። መቼ ይገባል? መሃል ላይ ይቋረጣል ወይ? መቼ ይወጣል? ለዚህ በየአሥር ቀኑ የሚወጣው መረጃ ከወቅቱ ትንበያ ይበልጥ ይጠቅማል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ወደ ታች የሚወርደው የወቅቱ ብቻ ነው።

አንድ መልእክት ደግሞ ለሁሉም ወሎዬ አንድ ዓይነት አይሆንም። በደላንታ፣ በመቄት ወይም በለጋምቦ ደጋ በልግ ማለት ገብስ ነው፤ የዓመቱ ቀለብ ነው። በቆቦና በቃሉ ቆላ በልግ ማለት መሬቱን ማረሻና እንደ ደጋሊት ያለውን ብዙ ወር የሚቆይ ማሽላ መዝሪያ ነው። በልጉ ከዘገየ የቆላው ገበሬ ማሽላውን ትቶ ቶሎ ወደሚደርስ ጤፍ ወይም ማሾ መዞር ይችላል። የደጋው ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ለእሱ ትልቁ ውሳኔ በጓ ናት። ድርቅ ሲመጣ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ የበግ ዋጋ ይወርዳል። የካቲት ላይ የተሸጠች በግ ብዙ እህል ትገዛለች። ሰኔ ላይ ከስታ የተሸጠችው ጥቂት ጣሳ ብትገዛ ነው። መልእክቱ ሰኔ ላይ ትክክል ሆኖ ቢደርስ ለዚያ ቤት ምንም አይፈይድም።

ወሎ ከፍሎ የተማረው

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መረጃ አልጠፋም ነበር። ገበሬው ያውቅ ነበር። አስተዳዳሪዎቹም ያውቁ ነበር። በደሴ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው መንገደኛ ሁሉ ያይ ነበር። መረጃው የጠፋው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የንጉሡ መንግሥት ስሙ እንዳይጎድፍ ነገሩን ሸፈነው። በ1965 ከዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ያነሱትን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው አሳዩ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ያኔ ሰማ። እኛ ራሳችን በቴሌቪዥናችን ያየነው በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ነው፤ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እየተፈራረቀ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የሞተው ሰው ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ ሲመረምር ያስተዋለው ነገር ሁሌም ያስደነግጠኛል። ወሎ እየተራበ ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። ከደሴ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ። አገሪቱ ውስጥ እህል ነበር። የወሎ ገበሬ ግን መግዣ አልነበረውም፤ ስለ እሱ የሚናገርለትም አልተገኘም።

በሁለተኛው ዙር የተለየ ስህተት ተሠራ። ከመጀመሪያው ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለእርዳታ ሰጪዎች ተናገረ። ማስጠንቀቂያው ወጥቷል፣ ቁጥሩ ተነግሯል። የሰማ ግን እጁን አላነሳም። እርዳታ ሰጪዎቹ ተጠራጠሩ። መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር። ዓለም የተንቀሳቀሰው በጥቅምት 1977፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተቀረጸው ምስል በቢቢሲ ሲታይ ነው። ሰባት ወር አለፈ። «ሰባ ሰባት» ሲባል የወሎ ሽማግሌ ዛሬም ዓይኑ የሚቀላው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሰፈራው መጣ። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓጓዘ፤ ብዙው ከወሎ ነው። ወዶ የሄደ አለ፣ ታፍሶ የሄደም አለ። የት እንደሚሄድ፣ ቤተሰቡ አብሮ ይሂድ አይሂድ፣ መመለስ ይቻል አይቻል በግልጽ የተነገረው ሰው ትንሽ ነበር። ውጤቱ አሳዛኝ ሆነ። አንዳንዱ የተራበ ሰው «እህል ልቀበል ስሄድ አፍሰው ይወስዱኛል» ብሎ ከእርዳታ ጣቢያው ሸሸ። እህሉ አለ፣ ረሃብተኛው አለ፣ መሃል ላይ የጠፋው እምነት ነው።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው ነገሩ ይገባኛል። በመጀመሪያው ወሬው ወደ ላይ እንዳይወጣ ተዘጋ። በሁለተኛው ወጣ፣ ውሳኔ ግን አልሆነም። በሦስተኛው ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ ብቻ ወረደ። የሕዝብ ኮሙዩኒኬሽን የምንለው መንገድ ወዲያና ወዲህ የሚያስኬድ መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከተዘጋ ሌላው ጎንም ይበላሻል፤ የማይሰማህን ሰው አትሰማውምና።

በ2008 ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ ያመጣው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ ዳርጓል። ሰሜን ወሎና ዋግ ኽምራ ክፉኛ ተጎድተው ነበር። ግን እንደ ሰባ ሰባቱ አልሆነም። መንገዱ፣ የእህል ክምችቱ፣ ሴፍቲኔቱ ሁሉ አስተዋፅኦ አለው። ቁጥሩ በወቅቱ በይፋ መነገሩም እንዲሁ። መንግሥት «ተርቦብኛል» ማለቱ ውርደት ሳይሆን ሥራ ነው።

ሴፍቲኔትና ያልተነገረው መብት

በምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወሎ ውስጥ መንግሥትና ድሃ ቤተሰብ በየወሩ የሚገናኙት እዚህ ነውና። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በየዓመቱ ቀለብ የሚያጥረው ቤተሰብ ረሃቡ እስኪመጣ አይጠበቅም። በዓመት ለስድስት ወር ያህል፣ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ፣ እርከን ይሠራል፣ ተፋሰስ ያለማል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። መሥራት የማይችል አቅመ ደካማ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

በወረቀት ላይ ያለው ደንብ ጥሩ ነው። የተመራጮቹ ዝርዝር በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል። ሰው ይተቸዋል። ቅሬታ ያለው የሚሄድበት የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ከጉልበት ሥራው ወጥታ ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች።

አንድ ጊዜ በአንድ ወረዳ የእርከን ሥራ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ድንጋይ ስትሸከም አየሁ። መብቷን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። አታውቅም። አጠገቧ ያሉትም አያውቁም። አሠሪው ግን ያውቃል። «ስብሰባ ላይ ተነግሯል» አለኝ። ስብሰባው መቼ ነበር? እሁድ ጠዋት፤ እሷ ውኃ ልትቀዳ በሄደችበት ሰዓት። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ችግር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ይፈታ ነበር። «ተነግሯል» እና «ተሰምቷል» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ያን ቀን በደንብ አየሁ።

ክፍያ ሲዘገይም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ መዘግየቱን ማስቀረት አይቻል ይሆናል። ግን «በሁለት ሳምንት ይዘገያል» ተብሎ በጊዜ የተነገረው ቤተሰብ ከጎረቤት ተበድሮ ይቆያል። ምንም ያልተነገረው ፍየሉን ያወጣና ይሸጣል። ፍየሏ ደግሞ ቤተሰቡን ራሱን አስችላ ከሴፍቲኔት ታስመርቀዋለች ተብላ የተጠበቀችው ናት። ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል፦ «ገንዘቡን በሉት»፣ «ፕሮግራሙ ተዘጋ»፣ «ከዚህ በኋላ ለእከሌ ዘመድ ብቻ ነው»። አንድ ወረቀት በቀበሌው በር ላይ ቢለጠፍ ግማሹ ወሬ አይፈጠርም ነበር።

ጎርፍና ናዳ ጊዜ አይሰጡም

ድርቅ ወራት ይሰጣል። ደራሽ ጎርፍ ሰዓታት ብቻ ነው የሚሰጠው። በራያ ቆቦ ሜዳ እንደ ጎሊናና አላውሃ ያሉ ወንዞች ሲሞሉ እታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። የዘነበው ከምዕራብ በኩል ባለው ደጋ ነው። እዚያ ያለው ሰው እያየው ነው፤ እታች በጎቹን ወንዝ ዳር የሚያግደው ልጅ አያውቅም። እዚህ ላይ ትልቁ ሳይንስ ሁለት የስልክ ቁጥር ነው፦ ላይ ያለው ሰው ማንን ይደውል፣ እታች ያለው ሲደወልለት ምን ያድርግ። ይህ በሚያዝያ ካልተነጋገሩበት በሐምሌ አይገኝም።

የምንናገረው ነገር ቅርጽም ወሳኝ ነው። «ኅብረተሰቡ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን» የሚል ማስታወቂያ ሰምቶ ከቤቱ የወጣ ሰው አላውቅም። እንዲህ ቢባልስ፦

«ስሙ! ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ዘንቧል። ጎርፉ ዛሬ ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ወንዝ ዳር ያላችሁ ልጆችንና ከብቶችን አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ አውጡ። በእግርም በመኪናም መሻገሪያውን አትሻገሩ። 2 ሰዓት ላይ ደግመን እንነግራችኋለን። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ምን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ይደረግ፣ ቀጣዩ ወሬ መቼ ይመጣል። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ሰው ቶሎ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የምታደርገው እሷ ናት።

ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ገደላ ገደል ላይ የተሠራ ቤት ብዙ ነው። ናዳ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ የመብራት ምሰሶና ዛፍ ያጋድላል፣ በር ድንገት አልዘጋ ይላል፣ ምንጩ ይደፈርሳል። እነዚህን የክረምቱ ዝናብ ሲከብድ ያየ ሰው ንብረት ልሰብስብ ሳይል ቤተሰቡን ይዞ ይውጣ፣ ለቀበሌም ይናገር። በሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ የደረሰውን አንርሳ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሯሯጡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እነዚያ ሰዎች ደጎች ነበሩ። ናዳ ሊደገም እንደሚችል ቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ እላለሁ፤ ደግነታቸው ያኔም አይቀርም ነበር፣ አንድ ሰው ቆሞ ተራራውን የሚመለከት ግን ያስቀምጡ ነበር።

በማን አፍ፣ በምን መንገድ?

ስልክ ጥሩ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፅ ምክር መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። ግን በ2013 እና 2014 ጦርነት ጊዜ በሰሜን ወሎ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። ሰው ወሬ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ስልኩ ዝም አለ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያን በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ማንጠልጠል አደገኛ ነው።

ከኮሮና ጊዜም የምንማረው አለ። በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ከታወቀ በኋላ ስልክ በደወልን ቁጥር ቀድሞ የሚሰማን የኮሮና መልእክት ነበር። መጀመሪያ ሰው አደመጠው። ለብዙ ጊዜ ሲደጋገም ግን ጆሮ ለመደውና ድምፁ እንደ መጥሪያው ሆነ። መልእክትም እንደ እንጀራ ይሻግታል፤ ካልታደሰ አይበላም።

ወሎ ግን የራሱ መንገድ አለው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬ ጥሩንባ ሲነፋ የማይወጣ ቤት የለም፤ ዝርዝሩ አለ፣ ዳኛው አለ፣ የቀረም ይቀጣል። ጥሩንባው ለሞት ብቻ ሳይሆን ለጎርፍም የተለየ አነፋፍ ቢኖረው ምን ይከለክላል? ጁምዓ አለ፣ እሁድ ቅዳሴ አለ። ዝናብ ሲዘገይ ሼኹም ቄሱም ለዱዓና ለምህላ ሰው ይሰበስባሉ። ሴቶች ቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ የማያነሱት ጉዳይ የለም። ገበያውም አለ። ባቲ በሰኞ ገበያዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪውን አንድ ቦታ ታገናኛለች፤ እዚያ በአማርኛ ብቻ የሚለፈፍ ማስጠንቀቂያ ግማሹን ገበያ ዘሎት ያልፋል።

እዚህ ላይ ግን አደራ። የሃይማኖት አባትንና የቅሬ ዳኛን እንደ ድምፅ ማጉያ ብቻ የሚያይ ሹም ይሳሳታል። ሰው የሚሰማቸው ስለማይዋሹት ነው። እርግጠኛ ያልሆነውን እርግጠኛ አስመስሎ በእነሱ አፍ ማስነገር፣ ለብዙ ዘመን የተጠራቀመ እምነት በአንድ ክረምት መጨረስ ነው። ያልታወቀው «አልታወቀም» ተብሎ ይነገር። የወሎ ሰው እውነቱን ይችላል፤ ከዚህም የከፋ ችሏል።

ወደ ላይ የሚሄደውም እንዲሁ ነው። በየቀበሌው ዲኤዎች ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ገበያ ዋጋው፣ ስለ ከብቱ ጤና ይመዘግባሉ። ይህ መዝገብ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ ይወጣል። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ዓይን ይሄ ነው። መረጃውን የሰጠው ገበሬ ግን ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። መልስ ያላገኘ ሰው በሦስተኛው ዓመት «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል፤ መዝገቡም ባዶ ይሆናል።

አክስቴ እንደዚያ አላለፈችም። መጋቢት ላይ ዲኤው ደብተሩን ይዞ ሲመጣ የገብሱን ቡቃያ አሳየችውና ጠየቀችው። «የምትጽፈው የት ይደርሳል?»

«ወረዳ» አላት።

«ከዚያስ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። ጨዋ ልጅ ስለሆነ ግን ጠይቆ እንደሚመጣ ነገራት። በሳምንቱ መጣ። ወረዳው ቡቃያ ለደረቀበት ሰው የምስር ዘር እንደሚሰጥ፣ የሚወስዱት ስም ዝርዝርም ሐሙስ በሁለት ሰዓት በቀበሌው ግቢ እንደሚነበብ፣ ስሙ የቀረ ሰው እዚያው ቆሞ መናገር እንደሚችል ነገራት። ሐሙስ ጠዋት ደወለችልኝ። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላለች፤ ሰባት ጎረቤቶቿንም አብራ ይዛ መጥታለች።